«ንጉሥ አይከሰስ» የማይባልበት አገር፦ አንድ ዳኛ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንዴት ያግዳል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ከዋሽንግተን የሚመጣው ዜና ግር ቢለው አይፈረድበትም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ሰኞ ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዓለ ሲመታቸው በተፈጸመበት ቀን አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ እናታቸው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ የምትኖር፣ አባታቸውም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሕፃናት አሜሪካ ውስጥ ቢወለዱም ዜግነት እንዳያገኙ የሚያደርግ ነበር። ሐሙስ ዕለት በሲያትል ከተማ የሚያስችሉ አንድ ዳኛ ትእዛዙ ሥራ ላይ እንዳይውል አገዱት።

በሚሊዮኖች ድምፅ የተመረጠን መሪ ማንም ያልመረጠው ዳኛ በሦስት ቀን ውስጥ እንዴት ያስቆመዋል? ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «በአሜሪካ ዳኛ ከፕሬዚዳንት ይበልጣል» የሚል ሲሆን ሌላው «ነገሩ የተቃዋሚዎች ተንኮል ነው» የሚል ነው። ሁለቱም የአሠራሩን ውስጥ አያሳዩም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ ከምናነሣቸው በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ከየት አገኙት?

ነገሩን በውክልና መጀመር ይቀላል። ውጭ አገር የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ያለውን ቤት እንዲያከራይለት ለወንድሙ ውክልና ይልካል እንበል። ወንድሙ ቤቱን ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብና ውል ማደስ ይችላል። ቤቱን ልሽጠው ብሎ ቢነሣ ግን የውልና ማስረጃ ሠራተኛው ወረቀቱን አንብቦ «ይህ ውክልና መሸጥን አይጨምርም» ብሎ ይመልሰዋል። ሠራተኛው ከወንድምየው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ወንድምየውም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የሌለ ሥልጣን ስለሌለ ብቻ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 በፊላደልፊያ ሲረቀቅ በዚሁ አስተሳሰብ የተጻፈ ሰነድ ነው። ወካዩ ሕዝቡ ሲሆን ወኪሉ ፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ ለወኪሉ ያልተሰጠ ሥልጣን ደግሞ በክልሎች፣ እነሱ ስቴት በሚሏቸው፣ ወይም በሕዝቡ እጅ ይቀራል። ሰነዱ 7 አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ጽሑፍ ነው። አንቀጽ 1፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል። ኮንግረስ ማለት 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት በአንድ ላይ የሚጠሩበት ስም ነው። አንቀጽ 2 ሕግ የማስፈጸምን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ፣ አንቀጽ 3 ደግሞ የዳኝነትን ሥልጣን ለፍርድ ቤቶች ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አገዛዝ ተዋግተው የወጡ ሰዎች ስለነበሩ ሌላ ንጉሥ በድምፅ ብልጫ መምረጥ አልፈለጉም።

ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ሕግ ነውን?

ብዙውን አለመግባባት የሚፈጥረው ይህ ጥያቄ ነው። ፕሬዚዳንቱ በትልልቅ ፊደላት የፈረሙትን ወረቀት ለካሜራ ሲያሳዩ የሚያይ ሰው አዋጅ የታወጀ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን «ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ» የሚለው ሐረግ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ አይገኝም። ሰነዱ ያለው ፕሬዚዳንቱ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን እንዲከታተሉ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በመሠረቱ አንድ አለቃ ለበታች ሠራተኞቹ የሚያወርደው መመሪያ ነው። ጉልበት የሚያገኘውም ከሁለት ምንጮች ከአንዱ ነው፤ ወይ ሕገ መንግሥቱ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ከሰጠው ሥልጣን፣ አለዚያም ኮንግረስ በሕግ ካስተላለፈለት ሥልጣን። ከሁለቱም ካልተቀዳ ወረቀቱ ኪራይ እንዲሰበስብ ተወክሎ ቤት ለመሸጥ የመጣውን ወንድም ይመስላል።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የ1952ቱ የብረት ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው። የኮሪያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት (የክቡር ዘበኛ የቃኘው ሻለቆች የዘመቱበት ጦርነት ነው) የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ቀን ቆረጡ። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብረት ከተቋረጠ መሣሪያ ይቋረጣል ብለው ሰጉና ኤፕሪል 8 ማታ፣ አድማው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ የንግድ ሚኒስትራቸው ቻርልስ ሶየር ፋብሪካዎቹን በመንግሥት ስም እንዲረከቡ አዘዙ። ባለቤቶቹ ጊዜ ሳያባክኑ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዋሽንግተን ያሉት የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ዴቪድ ፓይን በዚያው ወር መጨረሻ ትእዛዙ ሕጋዊ መሠረት የለውም አሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጁን 2 ቀን የዳኛውን ውሳኔ በ6 ለ3 ድምፅ አጸና። ምክንያቱ አጭር ነበር። ፋብሪካ መውሰድን የሚፈቅድ ሕግ ኮንግረስ አላወጣም፤ ሕገ መንግሥቱም ለፕሬዚዳንቱ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጠም፤ ጦርነት መኖሩ ደግሞ የሌለውን ሥልጣን አይፈጥርም።

ነገሩን የተቃዋሚ ዳኞች ሥራ ነው ለማለት እንኳ አይመችም፤ ዘጠኙም ዳኞች ወይ በትሩማን ወይ ከእሳቸው በፊት በነበሩትና የፓርቲ ጓዳቸው በሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የተሾሙ ነበሩ። ትሩማን ውሳኔውን አልወደዱትም፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹን በዚያው ዕለት አስመለሱ። አድማውም ተጀምሮ ከ50 ቀናት በላይ ቆየ።

በዚያ ጉዳይ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ለብቻቸው የጻፉት ሐሳብ ዛሬም ድረስ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ በፈቀደላቸው ጉዳይ ሲያዝዙ ሥልጣናቸው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ኮንግረስ ዝም ባለበት ጉዳይ ሲያዝዙ ድንግዝግዝ ውስጥ ናቸው፤ ኮንግረስ ከተናገረው በተቃራኒ ሲያዝዙ ደግሞ ሥልጣናቸው ከሁሉም ዝቅተኛው ነው። ይህን ሚዛን የያዘ ሰው ዜናውን ሲሰማ ራሱን «ኮንግረስ በዚህ ጉዳይ ምን ብሎ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሚዛኑ ለፕሬዚዳንቱ የሚያደላበትም ጊዜ አለ። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የአገሪቱን ጥቅም ይጎዳል ተብሎ የታመነበት የውጭ ዜጋ እንዳይገባ የማገድ ሰፊ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል። ሶማሊያንና የመንን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ዜጎች ላይ የተጣለውን የጉዞ ዕቀባ የሥር ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ካገዱት በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ሦስተኛውን ቅጂ በ5 ለ4 ድምፅ ያጸደቀው በዋነኛነት በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ትእዛዝን የመሻር ሥልጣን ለዳኞች ማን ሰጣቸው?

የሚገርመው፣ ሕገ መንግሥቱ ይህንንም በግልጽ አይናገርም። ሥልጣኑ በማያሻማ መንገድ የተነገረው በ1803 ሲሆን መነሻውም ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የቀረ የሹመት ደብዳቤ ነበር።

ጆን አዳምስ ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን ሊያስረክቡ ሰዓታት ሲቀራቸው በርካታ የራሳቸውን ወገን ሰዎች በዳኝነት ሾሙ። ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻልም ማኅተም አደረጉባቸው። ይሁን እንጂ ጊዜው አጠረና ጥቂቶቹ ለባለቤቶቻቸው ሳይደርሱ ነጋ። በማግስቱ ሥልጣን የያዙት ቶማስ ጄፈርሰን የቀሩት ደብዳቤዎች እንዳይሰጡ አደረጉ። ሹመቱ ከቀረባቸው አንዱ ዊሊያም ማርቤሪ አዲሱን ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰንን በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማን ነበሩ? ደብዳቤውን ሳያስረክቡ የቀሩት እኚያው ጆን ማርሻል። ዛሬ ቢሆን ከችሎቱ ይነሡ የሚል አቤቱታ በዚያኑ ቀን ይቀርብ ነበር።

ማርሻል አጣብቂኝ ውስጥ ነበሩ። ደብዳቤው ይሰጥ ቢሉ ጄፈርሰን እምቢ ይሉና ፍርድ ቤቱ መሳቂያ ይሆናል፤ አይሰጥ ቢሉ ፈርተው የፈረዱ ይመስላል። የወሰኑት እንዲህ ነው። ማርቤሪ ደብዳቤው ይገባዋል፤ ይሁንና ክሱን በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ የፈቀደለት በ1789 የወጣው ሕግ ለፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ ያልሰጠውን ሥልጣን ስለሚጨምር ዋጋ የለውም፤ ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ሲጋጭ ደግሞ ዳኛ የሚታዘዘው ለሕገ መንግሥቱ ነው። ማርቤሪ ተረታ፤ ጄፈርሰንም እምቢ የሚሉት ትእዛዝ አላገኙም። ፍርድ ቤቱ ትንሿን ሥልጣን ጥሎ ትልቋን አነሣ።

ሥልጣኑ ሁልጊዜ ለበጎ ውሏል ማለት ግን አይደለም። ፍርድ ቤቱ የኮንግረስን ሕግ ለሁለተኛ ጊዜ የሻረው በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ሲሆን፣ በዚያ ውሳኔ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ነበር። ያንን ለመቀልበስ የእርስ በርስ ጦርነትና በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አስፈለጉ። በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ለሕጓ ተገዥ የሆነ ሰው ዜጋ ነው የሚለው ዐረፍተ ነገር ያለው በዚህ ማሻሻያ ውስጥ ነው። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ተርጉሞ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ብሏል። የሲያትሉ ዳኛ በሦስት ቀን ውስጥ ለማገድ ያልተቸገሩት ከፊታቸው ይህ ሁሉ ተጽፎ ስለጠበቃቸው ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለምን የበለጠ ይቸገራል?

ምክንያቱ ተረቱ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መርጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 እና 83 ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን በባለሙያነት የሚያግዘው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም «የምክር ቤቶቹ ዘመን ካለቀ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ትርጉም የሰጠው ይኸው ምክር ቤት ነበር። በአሜሪካ ግን ሕገ መንግሥትን የሚመለከት ክርክር ማንኛውም የፌዴራል ዳኛ፣ ከታችኛው የወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ፣ በፊቱ ባለው መዝገብ ሊወስነው ይችላል። ሕገ መንግሥቱን ብቻውን የሚተረጉም የተለየ አካል የለም።

የሚከሰሰው ማን ነው?

ተረታችን አሜሪካም ድረስ ተከትሎን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1867 ለቀረበለት ክስ ሲመልስ ፍርድ ቤቶች ፕሬዚዳንቱን በሥራቸው ጉዳይ በቀጥታ «ይህን አታድርግ» ብለው ማገድ እንደሌለባቸው ተናግሯል። እንግዲያው እግዱ የሚወጣው በማን ላይ ነው? ትእዛዙን በሚፈጽሙት ላይ። በብረት ፋብሪካዎቹ ጉዳይ ተከሳሹ ትሩማን ሳይሆኑ ሚኒስትሩ ሶየር ነበሩ። በዛሬዎቹ መዝገቦች የፕሬዚዳንቱ ስም በክሱ ርእስ ላይ ቢታይም፣ እግዱ በተግባር የሚይዘው ሚኒስትሮችንና መሥሪያ ቤቶችን ነው። ፕሬዚዳንቱ የፈለጉትን ሊፈርሙ ይችላሉ፤ ቪዛ የሚያትመው፣ ፓስፖርት የሚሰጠውና ገንዘብ የሚለቀው እጅ ነው የሚያዘው።

ከሳሽ መሆንም ለሁሉም አይፈቀድም። ትእዛዙ አላማረኝም ማለት ብቻውን ፍርድ ቤት አያስገባም፤ ከሳሹ በራሱ ላይ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጉዳት ማሳየት አለበት። ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ በ1793 የሕግ ምክር እንዲሰጧቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ጥያቄ ልከው ነበር፤ ዳኞቹ እኛ የምንወስነው የቀረበልንን ክርክር እንጂ አማካሪ አይደለንም የሚል ይዘት ያለው መልስ መለሱላቸው።

በቀናት ውስጥ የሚወጣው እግድስ የመጨረሻ ፍርድ ነውን?

አይደለም። የመጀመሪያው እግድ በመደበኛው ደንብ እስከ 14 ቀን የሚቆይ፣ ሊታደስም የሚችል ማቆያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚዘልቀው ጊዜያዊ እግድ ነው። ለዚህ ከሳሹ በመጨረሻ የማሸነፍ ዕድል እንዳለውና እግዱ ባይሰጥ በኋላ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት እንደሚደርስበት ማሳየት ይጠበቅበታል። በእኛ ፍርድ ቤቶችም አከራካሪ ቤት እንዳይፈርስ ወይም እንዳይሸጥ እግድ የጠየቀ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም፣ እስኪወሰን ግን ይቁም ነው። መንግሥት በእግዱ ካልተስማማ ወደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ብዙ እግዶችም እዚያ ይነሣሉ። «ዳኛ አገደ» የሚለውን ዜና የሰማ ሰው «ይግባኙስ?» ብሎ ካልጠየቀ የሰማው የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ነው።

የእግዱ ስፋት ራሱ በቅርቡ ተለውጧል። ለዓመታት አንድ የወረዳ ዳኛ የሚሰጠው እግድ ያልከሰሱትን ጭምር በመላ አገሪቱ ሊሸፍን ይችል ነበር። በሁለቱም ፓርቲዎች ዘመን የነበሩ ፕሬዚዳንቶች በዚህ ተማረዋል። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው የዜግነት ትእዛዝ ክርክር ውስጥ በ6 ለ3 ድምፅ፣ እግድ ለከሳሾቹ የተሟላ መፍትሔ ከመስጠት ማለፍ የለበትም አለ። ትእዛዙ ራሱ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን በዚያ ውሳኔ አልመለሰም። በሩም ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ተመሳሳይ ጉዳት ያገኛቸው ሰዎች በአንድነት የሚያቀርቡት የወል ክስ ተፈቅዶ ቀርቷል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በኒው ሃምፕሸር አንድ ዳኛ ሕፃናቱን እንደ አንድ የከሳሽ ቡድን ቆጥረው ትእዛዙን እንደገና አገዱት።

መንግሥት «አልታዘዝም» ቢልስ?

ፍርድ ቤት ጦር የለውም፣ በጀትም አይመድብም። ይህን ድካም ከመጀመሪያው ያዩት ከሕገ መንግሥቱ ፈራሚዎች አንዱ አሌክሳንደር ሃሚልተን ናቸው፤ በ1788 የዳኝነት አካል ሰይፍም ቦርሳም የለውም ሲሉ ጽፈዋል። ለዳኞች የተሰጣቸው ጥበቃ ሁለት ነው፤ በመልካም ምግባር እስካሉ ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም፣ ደመወዛቸውም አይቀነስም።

ሰይፉን የሚያውሳቸው አስፈጻሚው አካል ራሱ ነው። በ1957 የአርካንሳው አገረ ገዥ፣ ፍርድ ቤት በሊትል ሮክ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው ትምህርት ቤት እንዲገቡ የወሰነላቸውን ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በክልሉ ወታደሮች በር ላይ አስመለሰ። ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የ101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ልከው ተማሪዎቹን በጠመንጃ ታጅበው አስገቧቸው። በ1974 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የተቀዱ የድምፅ ካሴቶችን እንዲያስረክቡ በ8 ለ0 ወሰነ፤ ኒክሰን አስረከቡ፤ ከሁለት ሳምንት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ውስጥም ሥልጣን ለቀቁ። በሁለቱም ጊዜ ውሳኔው የተፈጸመው ጦር የሚያዝዘው ሰው ለመፈጸም ወይም ለመታዘዝ ስለወሰነ ነው።

ዲቪን በሚመለከት የሆነው

ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያሳየው ግን ለእኛ የሚቀርበው የዲቪ ጉዳይ ነው። ዲቪ የፕሬዚዳንት ስጦታ አይደለም፤ ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ የተፈጠረ ዕጣ ነው። ያው ሕግ ዕጣ የደረሰው ሰው ቪዛውን እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ካላገኘ ዕድሉ እንደሚቃጠል ይደነግጋል። በ2020 የጸደይ ወራት ፕሬዚዳንት ትራምፕ በወረርሽኙ የተነሣ ብዙ ዓይነት ስደተኞች፣ ዲቪ የደረሳቸውን ጨምሮ፣ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግድ መግለጫ አወጡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም መግለጫውን ምክንያት አድርጎ ቪዛ መስጠቱን አቆመ። ክፍያ ከፍለው፣ ሰነድ አሟልተው፣ ቃለ መጠይቅ የሚጠባበቁ ሰዎች ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ከሰሱ።

ዋሽንግተን ያሉት የወረዳ ዳኛ አሚት ሜታ ሴፕቴምበር 4 የሰጡት ትእዛዝ ቀጭን መስመር የተከተለ ነበር። የፕሬዚዳንቱን መግለጫ አልነኩም፤ ኮንግረስ መግባትን የማገድ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷልና። ነገር ግን መግባት ሌላ፣ ቪዛ መስጠት ሌላ ነው፤ ቪዛ መስጠቱን መሥሪያ ቤቱ እንዲያቆም የፈቀደለት ሕግ የለም አሉ። የታዘዘው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የዲቪ ማመልከቻዎችን በቅን ልቦናና በፍጥነት እንዲያስተናግድ። ሴፕቴምበር 30 ሲደርስም ላልተዳረሱት 9,095 ቪዛዎች ተጠብቀው እንዲቆዩ አዘዙ።

መንግሥት ይግባኝ አለ። አስተዳደር ተለወጠ፣ ክርክሩ ግን ቀጠለ። በ2024 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ኮንግረስ ሴፕቴምበር 30 ብሎ የቆረጠውን ቀን ማንም ዳኛ ሊያራዝመው አይችልም ብሎ ቪዛዎቹ ከቀነ ገደቡ በኋላ እንዲሰጡ የተላለፉትን ትእዛዞች ሻረ። ዳኛውም ወረቀታቸው ላይ የሌለ ሥልጣን እንደሌላቸው የተነገራቸው በዚህ መንገድ ነው።